የሸለምጥማጦቹ ሁዳዴ

ሸለምጥማጡን ገደልሽው የሚሉኝ አሉ። አልገደልኩትም፤ አስጾምኩት። ሁለቱ አንድ ነው የሚል ሰው ጾሞ አያውቅም ማለት ነው፤ ከእንዲህ ያለው ጋር ደግሞ ክርክር አልገጥምም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ ቀበሌ በግድ ሰብስቦ ባስተማረን ጊዜ ነው። ጽሕፈቴ ቢወላገድ አይግረማችሁ። ነገሩን ግን እንደሆነው ነው የማስቀምጠው።

ልጄ ዘለቀ ከደሴ ወደ ሎስ አንጀለስ ያስመጣኝ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ፌርፋክስ አጠገብ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቶ ይኖራል ተብዬ፣ አንደኛው ክፍል የእኔ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ለካ ተይዟል። ዘለቀ በገዛ እጁ ከሽቦና ከጣውላ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርቶ፣ ሁለት ሸለምጥማጥ፣ ወንድና ሴት፣ አስተኝቶበታል። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ፣ እነሱ መኝታ ቤት።

«ሸለምጥማጥ አይደሉም እማዬ፤ ፌሬት ነው የሚባሉት» አለኝ።

«ዶሮ ይበላል?»

«ይበላል።»

«ይገማል? ጥርሱ መርፌ ነው?»

«ኦኬ፣ ነው።»

«እንግዲያው ሸለምጥማጥ ነው። ስንቱን ጫጩቴን የፈጀብኝን ጠላት አንተ ነህ ዛሬ የምታስተዋውቀኝ?»

ሳቀ። ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

እንስሶቹ የሚስቱ ናቸው። ዲያን ትባላለች፤ ካልቨር ሲቲ ፊልም የሚሠራበት ግቢ ውስጥ የተዋንያን ልብስ ትሰፋለች። በማዘጋጃ ቤት ፊርማ የተጋቡ ናቸው፤ ቄስ አላያቸውም። ክፉ ሴት ናት አልልም፤ ክፉ ብትሆንማ ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠርዙ ያለቀ ነጠላዬን ከጨርቅ መሀል አግኝታ ቀደደችው፤ አራት ማዕዘኑን በገመድ ወጥራ ለሸለምጥማጦቹ የሚወዛወዝ አልጋ ሠራችላቸው። ከዚያ እጄን ጎትታ ወሰደችና አሳየችኝ፤ ደስ የሚለኝ መስሏት። ለብሼ ኪዳን ባስደረስኩበት ነጠላ ውስጥ ዶሮ ሌባ ተጠቅልሎ ሲያንኮራፋ ቆሜ አየሁ። ራሴን ነቀነቅኩ። ያመሰገንኳት መሰላት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ዲያን ለሥራ ሦስት ወር ካናዳ ልትሄድ ሆነ። ከመሄዷ በፊት ከዘለቀ ጋር ተጨቃጨቁ። እንግሊዝኛውን ባልሰማም ጭቅጭቅ በየትኛውም ቋንቋ ጭቅጭቅ ነው። ስትሄድ ምን እንዳለችው ራት እየበላ ነገረኝ።

«ልጅ እንውለድ ስላት፣ ቤት የማትገኝ ሰው መቼ ነው የምታሳድገው ትለኛለች። እነዚህን ሁለቱን ሦስት ወር በደህና ካቆየህልኝ እመለሳለሁ፤ ልጅም እንወልዳለን አለች። ካልሆነ ቁርጤን ልወቅ፣ አልመለስም ነው ያለችው።»

«ሰው በሸለምጥማጥ ይፈተናል?»

«እውነቷን ነው እማዬ። ስኬጁሌን ታውቂው የለ?»

አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናውን ለባልደረባው አስረክቦ ዌስትውድ ሄዶ ይማራል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሸለምጥማጥ ይቅርና ጢሙንም አይጠብቅም። ጠባቂዋ እኔ መሆኔ ነው።

አሁን ልናገረው፦ ዲያን ባትመለስ አላለቅስም ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ሠናይት የምትባል ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ዌስት አዳምስ የራሷ ቤት ያላት፣ ጾም የምታውቅ፣ ስታየኝ ከወንበሯ የምትነሣ። በልቤ ለዘለቀ ያጨሁለት እሷን ነው። ይህን ያኔ ለራሴም ደፍሬ አልነገርኩትም።

ዘለቀ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈልኝ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሥጋ። ውኃ እንዳይቋረጥ። ሙቀት ስለማይችሉ ቬንትሌተሩ እንዳይጠፋ። ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ከሽቦው ወጥተው ይሩጡ። መጋረጃ እንዳይከፈት።

«መጋረጃው ደግሞ ምን አደረገ?» አልኩት።

«እዚህ ስቴት ክልክል ናቸው። ያየ ሰው ሪፖርት ያደርጋል። የእኔ ወረቀት ደግሞ ገና አላለቀም።»

ወረቀት የሌለው ልጄ፣ ወረቀት የሌለው አውሬ ደብቆ ያበላል። እናቱ ደግሞ መጋረጃ ዘግታ በቀን በጨለማ ትቀመጣለች።

እስከ ቅበላ ድረስ ግን በደንብ ነው ያበላኋቸው፤ ሐሰት የሚለኝ ይምጣ። ጮማውን ለይቼ፣ አጥንቱን አውጥቼ፣ በደቃቁ ከትፌ። ወንዱ ካልሲዬን እየሰረቀ ሶፋው ስር ያከማች ነበር፤ ሴቷ ወጥ ቤት ስገባ ተከትላኝ ትገባለች። ጸጉራቸው እንደ ሐር ያበራል።

የቅበላው እሑድ ዘለቀን አስቀመጥኩትና ነገርኩት። «ነገ ሁዳዴ ይገባል። ሥጋ በእጄ አልነካም፤ በቢላዬም አይቆረጥም።»

«እማዬ፣ እነሱ እኮ ክርስቲያን አይደሉም።»

«ቤቱ የክርስቲያን ነው።»

«ታዲያ ምን ይብሉ?»

«እኔ የምበላውን።»

ቀልድ መሰለው። ጥቂት አሰበና አለኝ፦ «በቃ፣ እንዲህ እናድርግ። በየእሑዱ ዶሮውን ራሴ እከትፋለሁ። ለየቀኑ ለየቀኑ በትንንሽ ከረጢት አድርጌ ቀኑን እጽፍበታለሁ። አንቺ ከረጢቱን ሳህናቸው ላይ መገልበጥ ብቻ ነው፤ እጅሽ አይነካውም። ኦኬ?»

ዝም አልኩ።

ዝምታዬን እሺታ ነው ብሎ ወሰደው። ሰባት ዓመት ከእናቱ ተለይቶ የኖረ ልጅ የእናቱን ዝምታ ማንበብ ይረሳል።

ሰኞ ምስር ቀቀልኩ። ለእኔም ለእነሱም። ወንዱ አሸተተና ሳህኑን በእጁ ገለበጠው። ማክሰኞ ሽሮ አደረግኩ፤ ሴቷ ጢሟን ነክራ አስነጠሳት። ሁለቱም ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ረቡዕ በሉ።

ይበላሉ። ረኃብን እኔ አውቀዋለሁ፤ በሰባ ሰባት ወሎ ሲያልቅ ደሴ ነበርኩ። እናት በጨርቅ የጠቀለለችውን ልጇን ደጃፌ ላይ አስቀምጣ፣ መሞቱን ሳታውቅ ቁራሽ ስትለምንለት አይቻለሁ። ይህን ያየች ሴት፣ ሰው አገር መጥታ፣ ለሸለምጥማጥ ዶሮ እየመተረች በቀን ሦስት ጊዜ እንድታጎርስ ነው የተፈረደባት። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነገር ይበላል አልኩ፤ ተበላ።

ዶሮውን አልጣልኩም። እህል አልጥልም። እጄን ላስቲክ አልብሼ፣ የየቀኑን ከረጢት አንሥቼ፣ ከማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ግርጌ፣ ከበርበሬዬ ስር በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። በርበሬዬን ማንም አይነካም። ሲፈሰክ ይበሉታል ብዬ ነው። እኔም የምፈስከው ያኔ ነው።

ዘለቀ ማታ ሲገባ ከበሩ ይጠይቀኛል።

«በሉ?»

«በሉ።»

ሄዶ ነጠላው ውስጥ ተጠቅልለው ያገኛቸዋል። በጨርቁ ላይ ቸብ ቸብ አድርጎ ይወጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲያን ትደውላለች፤ ስልኩን በረዥም ገመዱ ጎትቶ ነጠላው ላይ ያስጠጋዋል። ፊት ድምፅዋን ሲሰሙ እንደ ቄብ ዶሮ ኩክ ኩክ እያሉ ይዘሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሴቷ ብቻ ኩክ አለች። በአራተኛው ማናቸውም አላሉም።

«ተኝተዋል» አላት ዘለቀ፤ ይህችን ያህል እንግሊዝኛ አውቃለሁ።

የሴቷ ጅራት ተመለጠና የአይጥ ጅራት መሰለ። ወንዱ ሲራመድ የኋላ እግሩ ይከዳው ጀመር። ከሽቦው ስለቃቸው መሮጥ ትተው፣ በቀጥታ ማቀዝቀዣው ስር ሄደው በሩን ይቧጥጣሉ። ሥጋው የት እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ከልጄ ይልቅ ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ተቀምጬ ምስር ስለቅም ሴቷ እግሬ ላይ ወጣችና ጣቴን ላሰች። ስስ ምላስ ናት፣ ሞቃት። እግሬን አነሣሁ። ወደቀች። ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ እኔም ምስሬን ለቅሜ ጨረስኩ።

በገብር ኄር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ በጥቂቱ የታመነውን ባሪያ ታሪክ አነበቡ፣ አስተማሩም። ስለ ዘለቀ አሰብኩ፤ እንዴት ያለ ታማኝ ልጅ ነው አልኩ። ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በማግስቱ ሰኞ የዘለቀ ታክሲ ጋራዥ ገባ፤ ልጄ ከስንት ጊዜ በኋላ በቀን ብርሃን ቤት ዋለ። መብራት አብርቶ ነጠላውን ገለጠው። አልጮኸም። በዝግታ ወጣ፣ ስልክ አነሣ፣ ክፍሉ የሚባል የአገራችንን ሰው ጠራ።

ክፍሉ አገር ቤት የታወቀ የእንስሳት ሐኪም ነበር። እዚህ ቀይ ኮት ለብሶ ምግብ ቤት በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። ከነቀይ ኮቱ መጣ። ወንዱን አውጥቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጋደመውና በሁለት ጣቱ ሆዱን ዳበሰው። እንስሳው ጮኸ። እንደ ሕፃን ነው የጮኸው፤ አልዋሽም።

«ሽንቱ ታግቷል» አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ ክፍሉ፤ እኔ ቀን የለሁም» አለ ዘለቀ።

«ምን ይበላል?»

«ዶሮ። በቀን ሦስት ጊዜ። ራሴ ነኝ የምከትፈው።»

ክፍሉ ሄዶ የሚጸዳዱበትን ሣጥን ይዞ መጣ። በክብሪት እንጨት ቆፈር ቆፈር አደረገው፤ ጠጋ ብሎ አየ።

«ዶሮ የበላ እንስሳ የምስር ልጣጭ ከየት አመጣ?»

ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ የምሥራች፣ ምን አበሏቸው?»

«ሁዳዴ ነው። ምን እንዳበላ ፈልገህ ነው?»

«ጾም እኮ ለሰው ነው።»

«ነነዌ ላይ ከብቱም በጉም ጾሟል። ሲነበብ አልሰማህም? ለነገሩ የሰው መኪና ስታቆም ከየት ትሰማለህ።»

«ሰምቻለሁ። የነነዌው ሦስት ቀን ነበር እትዬ፤ እርስዎ ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ነዎት።» ጣቱን ከእንስሳው ሆድ አላነሣም። «ይሄ ሥጋ በል ዘር ነው። ጥራጥሬ ሲበላ ፊኛው ውስጥ ድንጋይ ይሆንበታል። ሆኖበታልም።»

ዘለቀ እኔን አላየኝም። «የከተፍኩት ሥጋስ?» አለ፤ ጠረጴዛውን ነው የጠየቀው።

ሌባ የተባልኩ ያህል አንገበገበኝ። ተነሣሁ፣ በረዶ ቤቱን ከፈትኩ፣ በርበሬዬን ገፍቼ ጥቁሩን ላስቲክ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ከእንስሳው ጎን ዘረገፍኩት።

«ቆሻሻ ላይ የጣልኩት መስሎህ ከሆነ ይኸውልህ። አንድም አልጎደለም። ሲፈሰክ ይበሉታል።»

ዘለቀ አንዷን ከረጢት አነሣ። በረዶ ለብሳለች። በአውራ ጣቱ ሲጠርጋት የራሱ ጽሕፈት ወጣ፤ ሐሙስ ይላል። ሌላ አነሣ፤ ሐሙስ። ሌላ አነሣ።

«ማታ ማታ ስጠይቅሽ በሉ ትዪኝ ነበር» አለ።

«በልተዋል። ዋሽቼህ አላውቅም።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ» አለ ክፍሉ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ጠብዎ ከልጅቱ ጋር ነው፤ እነዚህ ምን አደረጉዎት?»

«ፈረስ ማከሙ አልሆንልህ ብሎ መኪና አቆምክ። አሁን ደግሞ ነፍስ ማከም ጀመርክ?»

ፊቱ ላይ ደም መጣና ተመለሰ። የቀይ ኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም፤ እስከ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ ጎንበስ ይልና ያልፋል።

«ቱቦ ገብቶለት ሽንቱ መውጣት አለበት» አለው ዘለቀን። «እኔ ዕቃውም ፈቃዱም የለኝም። ሐኪም ቤት ውሰደው፤ አሁኑኑ።»

«ክልክል እኮ ነው። ካዩብኝ...»

«አውቃለሁ። ይይዙህ ይሆናል፤ ላይዙህም ይችላሉ። እሱ ግን የቀረው ሰዓት ነው።»

ዘለቀ አላመነታም። ጃኬቱን ለበሰ፣ እንስሳውን ከነነጠላው አንሥቶ ደረቱ ላይ ከተተው፣ የክፍሉን መኪና ቁልፍ ተቀበለ። በሩ ላይ እጅጌውን ያዝኩት።

«ሰባት ዓመት የጠበቅኸውን ወረቀት ለሸለምጥማጥ?»

«ለሸለምጥማጥ አይደለም» አለኝ።

በዚያ ስም ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእጅጌው አላቀቃቸው፤ በርጋታ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ። ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመ። ጃኬቱን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ እዚያው ተቀመጠ። ክፍሉ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ ከላይ ቆሜ ሁለት ጀርባ አየሁ፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ።

«እንስሳ ነው» አልኩ። ማንም ዞር አላለም።

ቅዳሜ ዲያን ደወለች። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ጆሮዬን አቁሜ ስሜን ጠበቅኩ፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራ አላጣውም። አልተጠራም። ዘለቀ ደጋግሞ ሲል የሰማሁት «ስኬጁል» የምትለዋን ነው፤ ሌላው «አይ» የምትል ነበረች። በእነሱ ቋንቋ እኔ ማለት እንደሆነች አውቃለሁ። ጥፋቱን ሁሉ ራሱ ላይ አደረገው። እናትህን ብትከስ ይሻልህ ነበር አልኩት በሆዴ፤ ከስሰህ ብታጣላኝ እመልስልህ ነበር።

ከሆሳዕና በኋላ ባለው ማክሰኞ ዲያን መጣች። ሴቷን ሸለምጥማጥ በእጇ ላይ አድርጋ ከጆሮ እስከ ጅራት ዳበሰቻት። የተመለጠው ጅራት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ዘለቀ ግድግዳው ጋ ቆሞ እንደ ተማሪ ይጠብቃል። ቀና ብላ ጉንጩን ነካችው። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ለእኔም አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ። ከዚያ እንስሳዋን ይዛ ወጣች። ልጄ ቁልፉን ሳያነሣው ሁለት ቀን ዋለ።

የፋሲካ ማግስት ሻንጣዬን አሰረልኝ።

«ይህን ቤት ልለቅ ነው እማዬ። ለአንድ ሰው የምትሆን ክፍል ተከራየሁ። ሠናይት ጓዳዋን ልትሰጥሽ እሺ ብላለች።»

«ታባርረኛለህ?»

«ሠናይት ጥሩ ልጅ ናት፤ አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። ዌስት አዳምስ እስክንደርስ ሬዲዮውን ከፍቶ ድራይቭ አደረገ።

እነሆ አሁን ዌስት አዳምስ ነኝ። መኝታ ቤት አለኝ፤ መጋረጃውንም እከፍታለሁ። ሠናይት ሁለት ቦታ ትሠራለች፤ ሳምንቱን ሙሉ የማያት ጀርባዋን ነው። ዘለቀ እሑድ እሑድ ይመጣል፤ አይቀርም፤ ታማኝ ልጅ ነው። ከምግብ ቤት የገዛውን የሥጋ ወጥ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሎ፣ በያንዳንዱ ላይ ቀኑን ጽፎ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደርድሮልኝ ይሄዳል። ቡና ላፍላልህ ስለው ሰዓቱን ያያል። በሌላው ቀን ማታ ማታ ይደውላል።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ኦኬ።» ይዘጋል።

አልዋሸሁትም። ሽሮዬን በልቼ ነው። የእሱን ከረጢቶች ከሠናይት በረዶ ቤት ግርጌ፣ ከበርበሬዬ ስር ነው የማስቀምጣቸው። ሰኞም አለ፣ ማክሰኞም አለ፤ ሐሙስ ብቻ አሥራ አንድ ደርሷል። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄያለሁ። እሑድ ሲመጣ አጠገቤ ተቀምጦ በቀን ብርሃን ካየኝ ያውቀዋል። እስከዚያ ግን አልነግረውም።